የሰረዝኳቸው ፎቶዎች

መስከረም 12

ለማከብርዎት ለጋሼ፣

ይህች ደብዳቤ በጤናና በሰላም ታግኝዎት። እንደምን ሰነበቱ? ሥራው እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ «የአክስቴን ልጅ በሐሳቤ ሳልስመው አልውልም በይልኝ» ብላለች። እንዳለችው ጽፌያለሁ።

ካሜራው ደርሶኛል። ሸበቶው ሹፌር መናኸሪያ ላይ ለእማዬ ሰጣት፤ እሷም በሻርፕ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛው መጣች። ስታወጣው ሞቆ ነበር። «ትንሽ ብዘገይ እኮ እፈለፍለው ነበር» አለች።

ከዚህ በፊት ካሜራ ነክቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን ቀን አልጋ ላይ አስቀምጬው ሳየው ዋልኩ። እማዬ «አይነክስሽም እኮ» ስትለኝ ነው የከፈትኩት። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አቁሜ ቤት እንደዋልኩ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቤት ያለውን አነሳሁ። ጀሪካኑን፣ የበሩን ቁልፍ፣ የአከራያችንን ድመት፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ። ሰው ማንሳት ግን አልቻልኩም። ካሜራውን ወደ ሰው ሳዞር ፊቴ ይግላል፣ ጣቴም አልታዘዝ ይላል። ዞረው ሲሄዱ ግን አነሳቸዋለሁ።

እማዬ መናኸሪያ ሥራ ከያዘች ወዲህ ደህና ነን። ቢሮ በኩል ነው የምትሠራው።

እንዳሉኝ የካሜራውን ካርድ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ጥጥ አድርጌበት ልኬያለሁ። ፎቶዎቹ ብዙዎቹ ደብዝዘዋል። እንዳይስቁብኝ። ቢስቁም ግድ የለም፣ ብቻ አይንገሩኝ። ካላስቸገርኩዎ ትርፍ ባትሪ ቢገኝ ጥሩ ነበር።

አክባሪዎ ሚጡ

ጥቅምት 9

ለምወድሽ ለሚጡ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንሽ አይድከም፤ ይህን ምርቃት ለሙያ ባልደረባ ብቻ ነው የምሰጠው።

አልሳቅኩም ብዬ አልዋሽሽም። ጀሪካኑ ለመታወቂያ የቀረበ ነው የሚመስለው፣ ጆሮው ብቻ ነው የጎደለው። ግን ስሚኝ፣ እኔ እዚህ ማተሚያ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ፎቶ ሳትም ነው የምውለው፤ ገንዘብ ተከፍሎባቸው የተነሱ ከአንቺ የባሱ ሞልተዋል። የድመቷ ፎቶ ቆንጆ ነው። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ተንበርክከሽ ከእሷ ዓይን ትክክል ሆነሽ ነው ያነሳሻት። ሌላውን ሁሉ ቆመሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ተቆጣጣሪ።

የደበዘዙብሽ ክንድሽን እንደ ክንፍ ዘርግተሽ ስለያዝሽው ነው። ክርንሽን ከጎንሽ ጋር አጣብቂው። ዙሙን ደግሞ እርሺው። በዙም ያመጣሽው ነገር ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ነው። መቅረብ ስትፈልጊ በእግርሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰው የታለ? ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ጀርባ ነው። ያ ሰፈር ፊት የለውም እንዴ? ዓይን አፋር መሆንሽን አውቃለሁ፤ ካሜራውን የላክሁት እንድትደበቂበት ግን አይደለም።

የቤት ሥራሽ ይኸውልሽ። ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ሳለች፣ መናኸሪያ ሂጂ። ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ የራሱ ሐሳብ ውስጥ ስለሚገባ አያይሽም። ብዙ አንሺ፤ ዲጂታል ነው፣ ፊልም አይፈጅም። እናትሽ እትዬም እዚያው አይደለች? አንድ ፎቶዋን አንሺልኝ። እኔን ያሳደገች ሴት ናት፤ ግድግዳዬ ላይ ያለኝ ፎቶዋ ግን የልጅነቷ ነው፣ እሱም ግማሹ ተበልቷል።

ባትሪው ከካርዱ ጋር አለልሽ።

ጋሼሽ

ኅዳር 3

ለማከብርዎት ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ባትሪው ደርሶኛል፣ ፈጣሪ እጅዎን ይባርከው። እማዬ ደህና ናት። ቤታችንም ደህና ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም ጣሪያው ማንጠባጠቡን ትቷል።

እንዳዘዙኝ መናኸሪያ ሄጃለሁ። መጀመሪያ ከትልቁ ምሰሶ ኋላ ተቀምጬ ነበር። በኋላ ግን እንዳሉት ማንም አላየኝም፣ እኔም ራሴን ረሳሁ። የተሸካሚዎቹን ገመድ አንስቻለሁ። ጆንያው ላይ አፉን ከፍቶ የተኛ ሽማግሌ አለ፤ እሱ ፊት ስላለው ይደሰቱ ይሆናል። ኩሬ ውሃ ውስጥ ተገልብጦ የሚታይ አውቶቡስም አለ።

የእማዬን ፎቶ ግን ለዛሬ አልሆነልኝም። ቢሮ ውስጥ ስለሆነች ብርሃን የለም። ደግሞም መነሳት አትወድም። ሌላ ጊዜ እሞክራለሁ።

ካርዱ እንዳይሞላ ያበላሸሁትን እዚያው እየሰረዝኩ ነው። ስለዚህ የላክሁልዎት ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው። ቻርጀሩ ገመዱ እየላላ ስለሆነ ሌላ ቢገኝ ይላኩልኝ። ካልተገኘም ግድ የለም፣ በክር አስሬዋለሁ።

አክባሪዎ ሚጡ

ጥር 11

ለሚጡ፣

ሰላም ለአንቺና ለእናትሽ ይሁን። ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጋርዳችሁ።

መልሴ የዘገየው በሹፌሩ አይደለም፣ በእኔ ነው። ጀምሬ የተውኳቸው ወረቀቶች መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።

ካርዱ ሲደርሰኝ አልከፈት አለ። ክብሪቱ ተጨፍልቋል፤ ሸበቶው ራሱ ሳይቀመጥበት አልቀረም። እዚህ የጠፋ ፎቶ የሚያወጣ ፕሮግራም አለን፤ ሙሽሮች የሰርጋቸውን ካርድ እያበላሹ እያለቀሱ ሲመጡ የምንጠቀምበት። ያንቺንም ከተትነው። ሚጡ፣ ይህን አላስተማርኩሽም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። «ሰርዝ» ስትዪው ፎቶው ወዲያው አይጠፋም። ካሜራው «ይህ ቦታ ባዶ ነው» ብሎ ይይዘዋል እንጂ፣ ሌላ ፎቶ እላዩ እስኪያርፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ ሁሉም ወጣ። ያስቀመጥሻቸውም፣ የሰረዝሻቸውም።

አስተያየት ልስጥሽ፣ ሥራችን እሱ ስለሆነ። ሽማግሌው ጥሩ ነው፣ እግሩን ባትቆርጪው ኖሮ። በኩሬው ውስጥ ያለው አውቶቡስ ጎበዝ የሚያሰኝ ነው፤ አትሜ ለባልደረቦቼ አሳይቻለሁ። ነገር ግን ከሰረዝሻቸው ውስጥ አራቱ ካስቀመጥሻቸው ሁሉ ይበልጣሉ። ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ክንድሽ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኗ ላይ ነው ያነጣጠርሽው።

በመጀመሪያው እትዬ ብርቱካናማ ቱታዋን ለብሳ መጥረጊያዋን ተደግፋለች፣ አላየችሽም። በሁለተኛው አይታሻለች። በሦስተኛው እጇን ከነጓንቱ አንስታ አፏን ከፍታለች፤ እየጠራችሽ ነው መሰለኝ። በአራተኛው እጇ ወርዷል፤ ፈገግታዋ ግን ገና መሄጃ አላገኘም።

የምትሠራውን አውቃለሁ። ሥራውን ያገኘች ዕለት ራሷ ደውላ ነግራኛለች፣ እየሳቀች፤ «እኔ ካልጠረግኩ አውቶቡስ አይነሳም» ብላ። ሸበቶውም የመናኸሪያው ሽንት ቤት እሷ ከገባች ወዲህ አፍንጫ ሳይያዝ እንደሚገባበት ይመሰክራል። «ቢሮ በኩል» ብለሽ ስትጽፊልኝ ዝም ያልኩት ልጅ ናት ብዬ ነው።

ለምን እንደሰረዝሽ አልጠይቅሽም። አራቱን በትልቁ አትሜ እልክልሻለሁ። ፎቶዎቹ ያንቺ ናቸው፣ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። ሦስተኛውን ግን እኔም ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ቻርጀሩን እየፈለግሁ ነው።

ጋሼሽ

ጥር 24

ጋሼ፣

እንደምን አሉ። ዛሬ ሰላምታውን በደንብ መጻፍ አልቻልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን እማዬ ናት ያመጣችልኝ። «ጋሼሽ ምን አለ?» ስትለኝ «ቻርጀር እየፈለገ ነው» አልኳት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ እንደገና አነበብኩት።

ልንገርዎት። ያን ዕለት መጀመሪያ እማዬ መሆኗን እንኳ ልብ አላልኩም። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ አርፋ፣ አቧራው ተነስቶ፣ መሃሉ ላይ ብርቱካናማ ነገር አየሁና ማንሳት ጀመርኩ። ከዚያ የድሮ የክፍል ጓደኞቼ መጡ። ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከዚያው በአውቶቡስ ነው። ዩኒፎርማቸውን ለብሰው አጠገቤ ቆሙና «እንዴ፣ ፎቶ አንሺ ሆንሽ?» አሉኝ። በሹፈት አልነበረም። ያን ጊዜ እማዬ አየችኝና «ሚጡዬ!» ብላ ተጣራች። ከመካከላቸው አንዷ «ማናት እሷ?» አለችኝ። «አላውቃትም» አልኩ።

ካሜራው ዓይኔ ላይ ስለነበረ ፊቴን አላዩትም። ልጆቹ ሲሄዱ ምሰሶው ኋላ ሆኜ አራቱን ፎቶዎች ሰረዝኳቸው። የሰረዝኩት ፎቶዎቹ አስጠልተውኝ አይደለም። ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ማታ እማዬ «ጠዋት ስጣራ አልሰማሽኝም አይደል? ያ አውቶቡስ ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል» አለች። እኔ ሳልዋሽ እሷው ምክንያት ሰጠችኝ። «አዎ» አልኩ።

ስለዚህ እባክዎ ጋሼ፣ ፎቶዎቹን አይላኩ። የሚመጣው ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ካየቻቸው፣ ስትጠራኝ ዓይን ለዓይን እያየኋት እንደነበር ታውቃለች። ይቅደዱልኝ። ቻርጀሩንም አልፈልግም። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ሚጡ

የካቲት 6

ሚጡዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ፖስታው ሄዷል። ሸበቶው ታሞ ስለነበር ሌላ ሹፌር ይዞት ወጣ፤ «መናኸሪያ ስትደርስ ለጽዳቷ ሴትዮ ስጥ» ብዬ ነው የሰጠሁት።

ሌላም ነገር አለ፣ ልደብቅሽ አልችልም። ፖስታውን አልለጠፍኩትም። አዲስ የታተመ ፎቶ በታሸገ ነገር ውስጥ ሲሆን ላብ ይይዘውና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ እዚህ ሁሌም ክፍቱን ነው የምንሰጠው። እጄ የለመደውን አደረገ። ደብዳቤሽ ቢቀድም ኖሮ እመልሰው ነበር።

ከዚህ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ፎቶ ቢሆን አስተያየት እሰጥሽ ነበር።

ጋሼሽ

የካቲት 15

ለማከብርዎት ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ጤናዎን፣ ሥራዎን፣ የሸበቶውንም ሕመም ፈጣሪ ይመልከትልን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሁሉም ነገር ከሆነ በኋላ ነው። የሆነውን ልጻፍልዎት።

እማዬ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፖስታውን በላስቲክ ጠቅልላዋለች። «ጋሼሽ ፎቶ ልኮልሻል። ክፍት ስለሆነ አየሁት፣ አትቆጪኝ» አለች።

«ማን ማን አየው?» አልኳት።

«እኔማ ለሬዲዮ ብቻ ነበር ያሳየሁት።» ሬዲዮ የሚሏት አብራት የምትጠርግ ሴት ናት፣ አፏ አያርፍም። «ከዚያ በኋላማ ሽንት ቤት የገባ ሁሉ ሳያይ አልገባም። አንዱ ተሳፋሪ፣ ተዋናይት ናት ወይ ብሎ ጠየቀ። ሬዲዮ ደግሞ፣ አዎ፣ ፊልሙ ገና አልወጣም አለችው።»

እጇን ታጥባ መጣችና አራቱን ፎቶዎች አልጋው ላይ በተራ ደረደረቻቸው። ማንም ቅደም ተከተሉን አልነገራትም። «እዚህ ጋ አላየሁሽም» አለች። «እዚህ ጋ አየሁሽ። እዚህ ጋ...» ጣቷ ሦስተኛው ላይ ቆመ።

«ለካስ እያየሽኝ ነበር» አለች።

አንደኛውን ፎቶ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«እኔ ደግሞ አውቶቡሱ ነው ብዬ። ምነው ታዲያ አቤት አላልሽኝም?»

አሁን ልነግራት ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ፎቶ ሲነሳ አይወራም፣ እማ። ትንፋሽ ይያዛል። አለበለዚያ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ናቸው ያሉኝ።» እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። በስምዎ ዋሸሁ። ይቅር ይበሉኝ።

እማዬ አየችኝ። እኔ የአልጋ ልብሱን አየሁ። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ሙያ ከሆነ ሙያ ነው።» አመነችኝ ይሁን አላመነችኝ እስከዛሬ አላውቅም። ሦስተኛውን ግድግዳዎ ላይ እንደሰቀሉት ስነግራት ደግሞ «ግን ጋሼሽ ይህን አፌን የከፈትኩበትን ነው የሰቀለው? ሰው ሊውጥ የመጣ አውሬ እመስላለሁ። ነገ ነይና እንደ ሰው አድርገሽ አንሺኝ» አለች።

በማግስቱ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር፤ ባልሄድ ግን ምን እላታለሁ? ቱታዋን ማታ አጥባ ነበር፣ ክርኑ አካባቢ ገና እርጥብ ነው። ፀሐይዋ ያረፈችበትን ግድግዳ ራሷ መርጣ ቆመች። ልጆቹም እንደ ሁልጊዜው ዩኒፎርማቸውን ለብሰው አውቶቡሳቸውን እየጠበቁ ነበር። ያቺ «ማናት እሷ» ያለችኝም አለች፣ ዳቦ እየበላች።

ካሜራውን ሳነሳ እማዬ እጇን ወደ ሕዝቡ ዘርግታ ጮኸች። «ዝም በሉ እስቲ! ልጄ ፎቶ ስታነሳ አይወራም! ትንፋሽ ይዛ ነው የምታነሳው!»

ጋሼ፣ ዝም አሉ። ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሬዲዮ እንኳ አፏን በእጇ ያዘች። አንዱ ረዳት «ተሳፋሪ ልጠራ ነው እኮ» ሲል እማዬ «ቆይ፣ ሥራ ላይ ናት!» ብላ ገሠጸችው። ያ ሁሉ ሰው በእኔ ውሸት የተነሳ ዝም ብሎ ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

በካሜራው ውስጥ አየኋት። ቀጥ ብላ ቆማለች፣ እጆቿ ግራና ቀኝ፣ ከንፈሯ ግጥም ብሏል። ለመታወቂያ የሚነሳ ሰው ነው የምትመስለው። አልወደድኩትም፣ ግን ልጫነው ስል አንድ ነገር ልብ አልኩ። ደረቷ አይንቀሳቀስም። እሷም ትንፋሿን ይዛለች። እንዳይበላሽብኝ ብላ። እኔ ባልጫንኩ ቁጥር ትይዘዋለች፤ ፊቷ እየቀላ፣ የአንገቷ ሥር እየተወጠረ ሄደ፣ ዓይኗን ግን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«እማ!» አልኩ።

ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅሁትም። መናኸሪያው ዝም ስላለ እስከ ዳር ድረስ ተሰማ። «እማዬ! ተንፍሺ!»

ትንፋሿ በአንዴ ወጣና ሳቋም አብሮት ወጣ። «እንዴ፣ ይወራል እንዴ?»

«ይወራል፣ እማ! ዋሽቼሽ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሬዲዮ እጇን ከአፏ ላይ አነሳች፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። ዳቦ የያዘችው ልጅ ግን አልሳቀችም። አንዴ እማዬን፣ አንዴ እኔን አየች። እኔም አየኋት። ፊቴ እየነደደ ነበር፣ ግን ካሜራውን አላነሳሁበትም። አውቶቡሳቸው መጣና ገቡ።

«አላውቃትም» ማለቴን ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም። ማታ ማታ ልጀምር እልና የድስቱን ክዳን ማጠብ እጀምራለሁ። ለዚህ አስተያየት ቢሰጡኝ ከፎቶው ይልቅ ይጠቅመኛል። በየት በኩል ልጀምረው?

ካርዱን ልኬያለሁ፤ በዚህ ጊዜ በክብሪት አይደለም፣ እማዬ በጠንካራ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋዋለች። ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ግድግዳዎ ላይ የሚሰቀል አይደለም፣ በጣም ተንቀጥቅጧል። እየጮህኩ ስላነሳሁት ነው።

አክባሪዎ ሚጡ